«ምን ጠፋባችሁ ልጆቼ?» የአርኪዮሎጂ የመስክ ትምህርት ቤት ምንድን ነው?

ጥር ነው። አዝመራው ተነሥቷል። ጎጃም ውስጥ አንድ የታጨደ የጤፍ ማሳ ላይ አሥራ አምስት የምንሆን ተማሪዎች ጎን ለጎን ተሰልፈን እንሄዳለን። በመሃላችን አምስት አምስት ሜትር ክፍተት አለ። ቀና የሚል የለም፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬቱን ያያል። አንዱ ድንገት ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር ያነሣል፣ ገልበጥበጥ አድርጎ ያየዋል፣ መልሶ እዚያው ያስቀምጠዋል። አጠገቡም ትንሽ ባንዲራ ይተክላል።

የማሳው ባለቤት ዳር ቆመው ሲያዩን ቆዩና «ምን ጠፋባችሁ ልጆቼ? ንገሩኝና አብረን እንፈልግ» አሉን።

አልቀለዱም። የምራቸውን ነው። እኛ ግን እርስ በርስ ተያየን። ምን እየፈለግን እንደሆነ ለአንድ ትልቅ ሰው በቀላል አማርኛ የሚያስረዳ ከመካከላችን ጠፋ። ነገሩ ለራሳችንም በደንብ እንዳልገባን የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ይህ ጽሑፍ ያኔ ልንሰጣቸው ይገባን የነበረው መልስ ነው። ዘንድሮ «ፊልድ ትወጣላችሁ» ለተባሉ ተማሪዎችም ይሆናል። «ልጄን ዩኒቨርሲቲ የላክሁት ጉድጓድ ሊቆፍር ነው እንዴ?» ለሚሉ ወላጆችም እንዲሁ።

ለመሆኑ የመስክ ትምህርት ቤት ምንድን ነው?

በመጀመሪያ አርኪዮሎጂ ምን እንደሆነ እንነጋገር። ያለፉ ሰዎች ትተውት ከሄዱት ነገር ተነሥቶ ኑሯቸውን ማጥናት ነው። የተሰበረ እንስራ፣ የፈረሰ ግድግዳ፣ የምድጃ አመድ፣ የተበላ በግ አጥንት፣ ሁሉም ይጠናል። ዳይኖሰር የለበትም። የጥንት እንስሳትን ቅሪተ አካል የሚያጠናው ሌላ ሙያ ነው፤ ፓሊዮንቶሎጂ ይባላል። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ስለሆነ ነው ቀድሜ ያነሣሁት።

የመስክ ትምህርት ቤት ደግሞ ሕንፃ አይደለም። ተማሪዎች በባለሙያ እጅ ሥር ሆነው እውነተኛ ጥናት ላይ እየሠሩ የሚማሩበት ጊዜ ነው። የሕክምና ተማሪ ሆስፒታል ገብቶ ከሐኪም ጋር በሽተኛ ሲያይ ይውል የለ? ልክ እንደዚያ ነው። በሌላው ዓለም ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። እዚህ እኛ ጋ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ኮርስ አካል ስለሚሆን ያጥራል።

ሁሌ ቁፋሮ አለ ማለትም አይደለም። መነሻዬ ላይ ያነሣሁት አንገት ደፍቶ መሄድ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሰርቬይ ይባላል፤ ገጸ ምድሩን በእግር ማሰስ ማለት ነው። ማረሻ በየዓመቱ አፈሩን ሲገለብጥ ከሥር ያለውን ስባሪ ወደ ላይ ያወጣዋል። ስባሪው የበዛበትን ቦታ ካርታ ላይ ስታሰፍሩ ድሮ ሰው የት ሰፍሮ እንደነበር መታየት ይጀምራል።

ወርቅ ነው እንዴ የምትፈልጉት?

ይህን ጥያቄ ያልተጠየቀ የአርኪዮሎጂ ተማሪ ካለ ፊልድ አልወጣም ማለት ነው። «ጣሊያን ሲሸሽ የቀበረው ወርቅ አለ» የሚል ወሬ የሌለበት አካባቢ ስለሌለ፣ መሬት የሚቆፍር ባለ መነጽር ሲታይ ሰው የሚያስበው ያንኑ ነው። አይፈረድም።

መልሱ ግን አይደለም ነው። ከጉድጓድ የሚወጣው አብዛኛው ነገር ገል ነው። ባልጩት ይወጣል፣ ከሰል ይወጣል፣ ዕድል ከቀና አጥንት ይወጣል። ገበያ ቢወሰዱ አምስት ሳንቲም አያወጡም።

ታዲያ ምናቸው ነው ዋጋ ያለው? አድራሻቸው። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል። ያንን ግንድ አስቡት። ዓባይ ከየት ነቅሎ እንዳመጣው አይታወቅም። ከማን ደን ነው? በየትኛው ክረምት ወደቀ? አጠገቡ ምን ነበር? ግንዱ እጃችሁ ላይ አለ፣ ታሪኩ ግን የለም። ከመሬት ዝም ብሎ የተነሣ ገልም እንደዚያው ነው። ያው ገል ከምድጃ አመድ ጎን፣ ከተጠረበ ድንጋይ ወለል በላይ፣ ከወደቀ ጣሪያ ሥር ተገኘ ቢባል ግን ወሬው ይቀየራል። ቤቱ ውስጥ ሰው ምግብ ያበስል ነበር፣ ቤቱም ከዚያ በኋላ ነው የፈረሰው ማለት ነው። ባለሙያዎቹ ይህን አድራሻ «ኮንቴክስት» ይሉታል፤ አንድ ዕቃ የትኛው አፈር ውስጥ፣ በምን ጥልቀት፣ ከምን ጋር ሆኖ ተገኘ የሚለው ነው።

ወርቅ ፈላጊ የሚያጠፋውም ይህንኑ ነው። ዕቃውን ይወስዳል ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን አድራሻ ሁሉ በዶማ ያፈርሰዋል።

አፈር እንዴት ይነበባል?

የጤፍ ክምር ያየ ሰው ይገባዋል። ቀድሞ የተከመረው ነዶ ከሥር ነው፣ ኋላ የመጣው ከላይ። መሬትም እንዲሁ ንብርብር ናት። ሳትነካ ከቆየች ከታች ያለው የቀደመ፣ ከላይ ያለው የቅርብ ነው። ይህን መርህ ኒኮላስ ስቴኖ የተባለ የዴንማርክ ሊቅ በ1669 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ስለ ዐለቶች ጻፈው፤ አርኪዮሎጂም ወረሰው።

«ሳትነካ ከቆየች» የምትለዋ ናት አስቸጋሪዋ። ሰው አጥር ወይም የቤት ምሰሶ ሊተክል ጉድጓድ ይምሳል። ያ ጉድጓድ ሁለት ሦስት ንብርብር ሰንጥቆ ይወርዳል። እንጨቱ ሲበሰብስ ከላይ ያለው አፈር ገብቶ ይሞላዋል። እናም የትናንት ጠርሙስ ቁራጭ ከ500 ዓመት ገል ጎን ልታገኙት ትችላላችሁ። የሠለጠነ ዓይን ግን የአፈሩን ቀለም ለውጥ ያያል፤ ክብ፣ ጠቆር ያለ፣ ለስለስ ያለ። ቤቱ ከጠፋ በኋላ እነዚያ ጠቋቁር ክቦች ተሰልፈው ሲታዩ የግድግዳው ቅርጽ ራሱ ይወጣል። ቆሞ የማያውቅ የመሰለ ቤት በምሰሶዎቹ ጥላ ይታወቃል። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው።

ፍልፈልም አለች። የጎጃም ገበሬ ስለ ፍልፈል መንገር አያስፈልገውም። ከታች ያለውን ወደ ላይ፣ ከላይ ያለውን ወደ ታች ታመላልሳለች።

የአፈሩ ዓይነት ራሱም ይወስናል። መረሬው ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። ላይ ያለ ትንሽ ዕቃ በስንጥቁ ገብቶ ወደ ታች ይወርዳል፤ ስለዚህ መረሬ ላይ «ከታች ያለው የቆየ ነው» ብሎ መማል አይቻልም። የደጋው ቀይ አፈር ደግሞ በብዙ ቦታ አሲዳማ ነው። ገበሬው ኖራ የሚበትንበት ምክንያት ይኸው ነው። አሲድ አጥንት ይበላል። አጥንት አለመገኘቱ ብቻውን ሥጋ አይበሉም ነበር ለማለት አያበቃም፤ አፈሩ በልቶት ሊሆን ይችላል።

ተማሪው ቀኑን እንዴት ይውላል?

በሲባጎና በችካል ይጀምራል። ሊቆፈር የታሰበው ቦታ በአራት ማዕዘን ይከፈላል፤ አንድ በአንድ ወይም ሁለት በሁለት ሜትር። ማዕዘኑ ቀጥ ማለት አለበት። ሦስት፣ አራት፣ አምስት ሜትር እያሉ ግንበኛ መሠረት የሚያወጣበትን ዘዴ የሚያውቅ ተማሪ እዚህ ላይ ጀግና ነው። ከዚያ «ዳተም» ይመረጣል። የማይነቃነቅ አንድ ነጥብ ነው፤ ከፍታና ጥልቀት ሁሉ ከእሱ ይለካል።

ከዚያ ቁፋሮው። ዶማና አካፋ ለላይኛው፣ በእርሻ ለተገለበጠው አፈር ነው። ቀጥሎ ትራውል ይመጣል፤ የግንበኛ ማንኪያ የመሰለች፣ ጫፏ የሾለ የእጅ መሣሪያ። በእሷ አይቆፈርም፣ ይፋቃል። አምስት ወይም አሥር ሴንቲሜትር ተፍቆ ይቆማል። ይለካል፣ ይሳላል፣ ፎቶ ይነሣል። እንደገና ይቀጥላል። ቀኑን ሙሉ ተንበርክካችሁ ስትፍቁ ውላችሁ የወረዳችሁት አንድ ስንዝር ላይሞላ ይችላል። በዶማ መሬት ሲገለብጥ ያደገ የገበሬ ልጅ መጀመሪያ ላይ ያብዳል።

የወጣው አፈር አይጣልም፣ በወንፊት ይነፋል። የወንፊቱ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ 5 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። አቧራው ዓይን ይሞላል፣ ወገብ ይቆረጣል፣ ሥራው ያሰለቻል። ግን ትንሿ ነገር ትልቁን ወሬ ይዛ የምትገኝበት ጊዜ አለ። ከጣና በስተምዕራብ፣ ወደ መተማ ቆላ፣ ሽንፋ ወንዝ አጠገብ የተቆፈረውን ቦታ እንውሰድ። ውጤቱ በ2024 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ታተመ። ተመራማሪዎቹ ከሰው ፀጉር ውፍረት ያነሱ የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ ብናኞች አገኙ። ብናኞቹ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ከፈነዳው ከቶባ እሳተ ገሞራ የመጡ ናቸው፤ ዕድሜያቸውም 74,000 ዓመት ገደማ። በእነሱ ምክንያት እዚያ የነበሩት ሰዎች የዛሬ 74,000 ዓመት ገደማ ዓሣ ይበሉ እንደነበር መናገር ተቻለ። ብናኙ በተማሪ ወንፊት ሳይሆን በቤተ ሙከራ ነው የተገኘው። አፈሩ ከየትኛው ንብርብር እንደመጣ ካልተጻፈ ግን ቤተ ሙከራውም ምንም አያደርግም።

መጻፍ ነው እንግዲህ ዋናው። የወጣው ሁሉ ከረጢት ውስጥ ይገባል፤ ከረጢቱ ላይ የቦታው ስም፣ የካሬው ቁጥር፣ የንብርብሩ ቁጥር፣ ቀኑና የቆፈረው ሰው ይጻፋል። እኔ በሦስተኛው ቀን ከሁለት ንብርብር የወጣ ገል አንድ ከረጢት ውስጥ ከተትሁ። ቸኩዬ ነው፣ ምሳ ደርሶ ነበር። አስተማሪያችን አልተቆጡም። ከረጢቱን ተቀብለው «አድራሻ የለውም» ብለው ጻፉበትና የአጠባ መለማመጃ ሳጥን ውስጥ ጣሉት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እንደዚያ የሚያደርጉት ያለ ነገር አይደለም። አንድ ቅጂ ብቻ ያላት ብራና አስቡ። ባነበባችኋት ቁጥር ቀለሟ ይጠፋል። ያላችሁ ዕድል እያነበባችሁ መገልበጥ ብቻ ነው። ቁፋሮም እንደዚያ ነው፤ አንዴ የተቆፈረ አፈር ተመልሶ አይቆፈርም። ስለዚህ ከሁሉ የሚከብደው የተማሪው ማስታወሻ ደብተር ነው። ብዙ አስተማሪዎችም ውጤት የሚሰጡት ባገኛችሁት ዕቃ ሳይሆን በደብተሩ ነው። ደስ የሚል ነገር ያገኘ ተማሪ ዝቅ ያለ ውጤት፣ ባዶ ካሬ የደረሰው ደግሞ ኤ ሲያገኝ አይቻለሁ።

ዕድሜው በምን ይታወቃል?

አንዱ መንገድ ከሰል ነው። ሕይወት ያለው ሁሉ ካርቦን 14 የሚባል ነገር ከአየርና ከምግብ ይወስዳል። ሲሞት መውሰዱን ያቆማል፤ ያለው ቀስ በቀስ ይቀንሳል። አንድ ድፎ ዳቦ አለ እንበል። በየ5,730 ዓመቱ አንድ ሰው መጥቶ ከተረፈው ላይ ግማሹን ቆርሶ ይሄዳል። ምን ያህል እንደቀረ ካያችሁ ስንቴ እንደመጣ ታውቃላችሁ። ከ50,000 ዓመት ወዲያ ፍርፋሪ ብቻ ስለሚቀር ዘዴው አይሠራም። ከሰል ስታገኙ በባዶ እጅ እንዳትነኩ የምትባሉት የዛሬ ካርቦን እንዳይገባበት ነው፤ በፎይል ይጠቀለላል። አጠገቡ ሲጋራ ማጨስማ አይታሰብም። የዛሬ አመድ ከጥንቱ ጋር ከተቀላቀለ ዳቦው ላይ ሌላ ዳቦ ጨመራችሁ ማለት ነው።

ጎጃም ውስጥ ምን የሚጠና አለ?

አለ እንጂ። እነብሴ ሳር ምድር ያለችው መርጡለ ማርያም አንዷ ናት። የአካባቢው ትውፊት ጅማሬዋን ወደ አብርሃና አጽብሃ ዘመን ይወስደዋል። ቆሞ የሚታየው በጌጥ የተጠረበ ድንጋይ ፍራሽ ግን በ1500ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ንግሥት እሌኒ ካሠራችው ቤተ ክርስቲያን ጋር ይያያዛል። ጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የ17ኛው ክፍለ ዘመን የድንጋይ ድልድይም አለ። እዚህ ተማሪ ትራውል ሳይጨብጥ ብዙ ይማራል። የትኛው ድንጋይ የመጀመሪያው ነው? የትኛው ኋላ የተጠገነ ነው? ግድግዳን በሜትርና በቱንቢ እየለኩ መሳል ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ግን ስም ያላቸውን ቦታዎች ብቻ አትዩ። ወደ እኚያ የማሳ ባለቤት ልመለስ። አስተማሪያችን መጥተው የምንፈልገው ጥንታዊ መንደር መሆኑን ሲያስረዷቸው ሰውየው ብዙም አላሰቡ። በበትራቸው ወደ ማሳው ጥግ ጠቆሙ። «እዚያ ጋ ጤፉ ከሌላው ተለይቶ ይፋፋል። አባቴም የሰው ኦና ነው ይሉ ነበር» አሉ። ልክ ነበሩ። ሰው ለብዙ ዘመን አመድ፣ ፍግና ትራፊ የጣለበት መሬት ይወፍራል፤ እህሉም ይናገራል። እኛ ግማሽ ቀን ተሰልፈን የዞርንለትን እሳቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት።

ማን ፈቀደላችሁ?

ማንም ሰው ተነሥቶ ጥንታዊ ቦታ መቆፈር አይችልም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቁፋሮን ይከለክላል። ፈቃዱን የሚሰጠው ዛሬ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው። ዩኒቨርሲቲም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። የወጣውም ዕቃ የአስተማሪው ወይም የተማሪው አይደለም፣ የሀገር ነው። አንዲት ገል «ለማስታወሻ» ኪስ ውስጥ መክተት ቀልድ አይደለም። ገበሬ ሲያርስ፣ ሠራተኛ መሠረት ሲቆፍር ቅርስ ቢያገኝም ማሳወቅ አለበት።

ከፈቃዱ በኋላ የትብብር ደብዳቤው ጉዞ ይጀምራል። ከዲፓርትመንት ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ ባህልና ቱሪዝም፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ። ያው ታውቁታላችሁ። በቤተ ክርስቲያን ግቢ ከሆነ አስተዳዳሪውና ሰበካ ጉባኤው ሳይስማሙ አይሆንም፤ መቃብር ያለበት መሬት ነውና። እንደ ክብራን ገብርኤል ያሉ ሴት የማይገባባቸው ገዳማት ስላሉም፣ ሴት ተማሪዎች ያሉበት ቡድን ይህን ቀድሞ ማሰብ አለበት።

ደብዳቤ ላይ የማይጻፍ ፈቃድም አለ። በበዓል ቀን መሬት መቆፈር ነውር ነው። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ እግዚአብሔር ማረሻ በማይወርድበት አገር ተማሪ ትራውል ይዞ ቢገኝ ቀበሌውን በሙሉ ያስቀይማል። ልባም አስተማሪ የሥራ መርሐ ግብሩን የሚያወጣው የበዓላቱን ቀን ይዞ ነው፤ በዓሉ ደግሞ የገል ማጠቢያ ቀን ይሆናል።

መቼ ነው የሚወጣው?

አውሮፓውያን የሚወጡት በእነሱ የበጋ ዕረፍት ነው። የእኛ የዩኒቨርሲቲ ዕረፍት ግን ክረምት ላይ ይወድቃል። ሐምሌ ላይ ጎጃም ውስጥ ጉድጓድ ብትከፍቱ ገንዳ ነው የሚሆነው። ከመስከረም በኋላም ሰብል መሬት ላይ ነው። ስለዚህ የሚመቸው ከአዝመራ በኋላ እስከ በልግ ዝናብ፣ በተለይ ከጥር እስከ መጋቢት ነው። ያ ደግሞ ትምህርት የሚሰጥበት ወቅት ነው። የመስክ ትምህርቱ እኛ ጋ የሚያጥርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ባለፉት ዓመታት ደግሞ በክልሉ ያለው የጸጥታ ሁኔታ አለ፤ መንገድ ሲዘጋ ፊልድም ይቀራል።

እንዴት ነው የሚገባው?

እንደ አዲስ አበባና አክሱም ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች አርኪዮሎጂን በራሱ ዲፓርትመንት ያስተምራሉ። እንደ ደብረ ማርቆስ ባሉት ደግሞ የታሪክና የቅርስ አስተዳደር ተማሪዎች ናቸው ከጉዳዩ ጋር የሚገናኙት። ኮርሱ ውስጥ ካለ ግዴታ ነው፤ ማመልከት አያስፈልግም። ከዚያ በላይ የፈለገ ተማሪ አስተማሪውን መጠየቅ አለበት። ጥናት ያላቸው አስተማሪዎች ወገቡ የማይሰበር፣ ጽሑፉ የሚነበብ ልጅ ሁልጊዜ ይፈልጋሉ። የቀደመ ልምድ አያስፈልግም፤ ትምህርት ቤት የተባለው ለዚያ ነው። የውጭ አገር የመስክ ትምህርት ቤቶች ግን ብዙዎቹ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ያስከፍላሉ፤ የነፃ ትምህርት ዕድል ካልተገኘ ለእኛ የሚሆን አይደለም።

ከቤት የሚያዘው ቀላል ነው። ሰፊ ባርኔጣ፣ ጠንካራ ጫማ፣ ውኃ፣ እርሳስ። እስክሪብቶ ሳይሆን እርሳስ፤ እስክሪብቶ ሲረጥብ ይፈሳል። የቴታነስ ክትባት ወስዳችሁ ውጡ። ወደ ዓባይ በረሃ የምትወርዱ ከሆነ አጎበር አትርሱ።

በመጨረሻ ጉድጓዱ ምን ይሆናል?

ይደፈናል። ይህን የሰማ ሁሉ ይገረማል። ነገር ግን ክፍት የተተወ ጉድጓድ ግድግዳው ይናዳል፣ ከብት ይገባበታል፣ ወርቅ ፈላጊም «እነሱ ያላዩትን ላግኝ» ብሎ ይቀጥልበታል። ባለቤቱም መሬቱን ለሰኔ ይፈልገዋል።

ከመደፈኑ በፊት ወለሉ ላይ ፕላስቲክ ይነጠፋል። ነገ ሌላ ቡድን መጥቶ ቢቆፍር «እስከዚህ ደርሰውበታል» እንዲል ነው። ዘመኑንም እንዲያውቅ አዲስ ሳንቲም ጣል ማድረግ የተለመደ ነው። ገንዘብ ያዡ ልጅ ኪሱን ሲዳብስ ቆየና ባለ አንድ ብሯን አወጣ። እኚያ የማሳ ባለቤት ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆመው ያያሉ። ሳንቲሟ ፕላስቲኩ ላይ ቀጭ ስትል «ይኸው! አሁን ገና ገንዘብ ተቀበረበት» ብለው ሳቁ። ከዚያ አካፋውን ተቀብለውን መድፈን ጀመሩ።